ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው

ሪያድ፣ ሱለይማኒያ
አርብ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አየሩ ብርድ ነው፤ ጠዋት አሸዋ ያዘለ ንፋስ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ረገበ። የስብሰባው ቦታ ጀራዲያ ሰፈር፣ የአዳነ ክፍል። የተገኙት ዘጠኝ ሴቶችና አምስት ወንዶች፤ ከነሱም ኑርያ የከሚሴዋ፣ አዳነ ባለ ክፍሉ፣ ጁነዲን ሾፌሩ፣ እኔም።

ወንድምጋሼ መንግሥቱ፣

ቀኑንና አየሩን፣ የተገኙትንም ሰዎች ያስቀደምኩት አንተ ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ እንደዚያ ስለምታደርግ ነው። እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትህንም ዓይንህንም ፈጣሪ ያጽናልህ። እኔ ደኅና ነኝ። የማገለግላት አሮጊት ሀጃም ደኅና ናት፤ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፣ ዛሬም መድኃኒቷን ከእኔ እጅ ካልሆነ አትውጥም።

አያቴና አያትህ ወንድማማቾች ከመሆናቸው በላይ አንተ መምህሬ ነህ፤ ይህን ግን አታውቀውም። በልጅነቴ ወረዳው በር ላይ ከጠረጴዛህ ሥር የተበላሹ ማመልከቻዎችህን እየለቀምኩ ነው ማንበብ የተማርኩት። «አመልካች»ን፣ «ተጠሪ»ን፣ «ጉዳዩ»ን ትርጉማቸውን ሳላውቅ አነበብኳቸው። ዛሬም ደብዳቤ ስጀምር «ጉዳዩ» ካላልኩ እጄ አይሄድም። ደውዬ የማላወራህ እዚህ ቤት በአማርኛ ሲወራ እነሱን የምናማ ስለሚመስላቸው ነው። ወረቀት ዝም ይላል። ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በልጅህ ስልክ እልካለሁ።

ጉዳዩ፦ አንዲት የኩታበር ልጅ።

ከልጅቷ በፊት ስለ ስብሰባው ልንገርህ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባህም። ስም አላወጣንለትም። እስላሞቹ ጀማዓ ይሉታል፣ ክርስቲያኖቹ ማኅበር፤ ሌላ ሰው ሲጠይቀን ሰደቃ ነው እንላለን። የጀመርነው ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ በመጠየቅ ነበር፤ ሀበሻ ይሁን ሱዳን፣ የሚሰግድ ይሁን የሚያማትብ አንልም። ኋላ ኑርያ ሁለት ደንብ አወጣች። አንደኛው፣ ማንም ሰው ከመቀመጡ በፊት እናቱ የምትጠራበትን ስም ይናገራል። ሁለተኛው ቤት ለምንሠራ ሴቶች ነው። እዚህ ብዙ እመቤቶች አዲስ ሀበሻ ስትመጣላቸው ስሟን አይጠይቋትም፤ በሄደችው ስም ይጠሯታል። እኛ መንገድ ላይ ባለ አንድ ቤት አራተኛዋ ሃፍሳ አለች፤ ሦስቱ ሃፍሳዎች ሀገራቸው ገብተዋል፣ የአራተኛዋም ስም ሃፍሳ አይደለም። የፊሊፒኗን ሠራተኛ ግን በስሟ ነው የሚጠሯት። ስለዚህ በሌላ ሴት ስም የተጠራች «አቤት» እንዳትል ተባባልን። ተቆጧቸው፤ አንዷን ምሳ ነሷት። አሁን ግን በሰባት ቤት ሴቶቹ በስማቸው ይጠራሉ። ትንሽ ነገር ይመስልሃል፤ ለእኛ ትንሽ አይደለም።

እኔ ግን በየአርቡ ተነስቼ «ሸምሲያ» እላለሁ። ሁሉም በዚያ ያውቁኛል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ስም ወረቀቱን የጻፍክልኝ አንተ ነህና ለአንተ አልደብቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ከኑርያ ጋር ሹመይሲ ሆስፒታል ሄድን። አንዲት ልጅ ተኝታለች። ጣሪያ ላይ ምንጣፍ ስታሰጣ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። አሠሪዋ አስገብቷት ከሄደ በኋላ ጠፍታለች ብሎ አስመዝግቧል፤ ፓስፖርቷም አልተገኘም። አልጋዋ ላይ «ፋይዛ» ተብሎ ተጽፏል።

ነርሷ «ጭንቅላቷም የተጎዳ ይመስለናል፤ በስሟ ስንጠራት አታውቀውም» አለችን።

ኑርያ ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ እናትሽ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። «ጸደንያ» አለች። «ጸደንያ ጌታሁን። የኩታበር።» ከዚያ ውኃ ጠየቀች።

ነርሷ ፋይሉን ይዛ ቆመች።

አሁን ኤምባሲያችን ውስጥ የጉዞ ወረቀት የሚያዘጋጀው ክፍል ማስረጃ ይፈልጋል። መዝገቡ ፋይዛ ይላል፣ እሷ ጸደንያ ትላለች፤ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ቀበሌው በሦስት ምስክር አረጋግጦ ይጻፍ ነው የሚሉት። አንተ እንዲህ ያለ ወረቀት ስንት ጊዜ ጽፈሃል። ከመጣ፣ ከአልጋዋ ወደ አውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ እናቷ ትሄዳለች። ካልመጣ፣ ሐኪም ሲያሰናብታት ወደ ተርሂል ነው፤ የሚባረሩ ሰዎች ወደሚጠበቁበት። ወረቀት እስኪገኝ እዚያ ትቆያለች፣ ወር ይሁን ዓመት የሚያውቅ የለም። ቆማ መሄድ አትችልም።

የጌታሁንን ቤት ታውቀዋለህ፤ ከወፍጮው በላይ ነው ብላኛለች። አደራ።

ታናሽ እህትህ ውባለም

*

ኩታበር
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ ውባለም አሊጋዝ፣

በያለሽበት የአምላክ ዓይን አይለይሽ። እኛ ሁላችን በጤና አለን። ደብዳቤሽ ኔትወርክ ጠፍቶ ሰንብቶ ትናንት ደረሰን፤ ልጄ አንብባልኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። በተለይ ስለ ተበላሹት ማመልከቻዎች ያልሽው አስገርሞኛል። ያኔ ወረቀት የሚበላው ፍየል ይመስለኝ ነበር።

የጠየቅሽውን በተመለከተ ጉዳዩ ውስብስብ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀይሯል፤ አዲሱ ማኅተም በቀላሉ አያሳርፍም። ምስክር የሚሆን ሰውም በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የልጅቱን እናት መንገድ ላይ አግኝቻት ነበር፤ ሰላም አልኳት። ሌላ ነገር አላነሳሁም። ልጇ ስልክ ያልደወለችው ሥራ በዝቶባት ነው ብላ ታምናለች።

አንድ ሐሳብ ላቅርብልሽ። ልጅቱን ፋይዛ ብላችሁ ብትተዉአትስ? ጸደንያ ያለችው ከሕመሙ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ነርሷም ጭንቅላቷ ተጎድቷል ብላለች። ውኃ ከጠየቀች መቼም ደኅና ናት።

የንባብ መነጽሬ ተሰብሯል። ቁጥሩ ሁለት ተኩል ነው፤ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ።

አክባሪ ወንድምሽ መንግሥቱ

*

ሪያድ
አርብ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ጤና ይብዛልህ። መነጽሩን ገዝቼ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ደብዳቤህን አንተ እንዳደረግከው ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛውም አልገባኝም። በእውነተኛ ስሟ ስለተናገረች አብዳለች እንበል ነው የምትለኝ? ምናልባት እኔ ያልገባኝ ነገር አለ።

ጸደንያ አሁን ትቀመጣለች። ኑርያ አጥሚት ይዛላት ትሄዳለች። ነርሶቹ «ጸደንያ» ማለት ከብዷቸው «ሳዳኒያ» ይሏታል፤ እሷም «አቤት» ትላለች። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ምንም አልሆነም ብሏል። በየቀኑ የምትጠይቀኝ «ወረቀቱ መጣ ወይ» ብላ ነው።

ባለፈው ሳምንት የጉዞ ወረቀት የሚያዘጋጀው ሰው ፋይሏን አሳየን። የእኛው ሀገር ሰው ነው፣ ደግ ነው። ከሀገር ቤት ከሚመጣው ወረቀት ሌላ እዚህም አንድ ሰው መመስከር አለበት አለን፤ የጸና መኖሪያ ፈቃድ በእጁ ያለው፣ በሁለቱም ስሟ የሚያውቃት። የፈቃዱ ኮፒ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ መውጫ ወደሚፈቅዱት ሳዑዲዎች ይሄዳል። ያኔ ነው ሙሉ ስሟን ያየሁት። ፋይዛ ሙክታር ይማም።

ቦርሳዬን ከፍቼ ፈቃዴን አየሁት፤ የማላውቀው ይመስል። ሸምሲያ ሙክታር ይማም።

ዛሬ ነገሩ ለስብሰባው ቀረበ። ኑርያ «ፈቃዱ በእጁ ያለ ማን ነው?» አለች። የአብዛኛዎቹ ሴቶች ፈቃድ አሠሪዎቻቸው ጋ ነው። የኑርያ ራሷ ካለፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ጁነዲንን አሠሪው መቼ ወደ ጅዳ እንደሚወስደው አይታወቅም፤ በዚያ ላይ ልጅቷን አንድ ቀን አይቷት አያውቅም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የእኔን ሀጃ ራሷ ነች የሰጠችኝ። አውጥቼ አሳየኋቸው።

ጁነዲን አነበበና «ወላሂ እህትማማች ናችሁ! የሙክታር ልጆች» አለ። «በይ፣ ለታናሽሽ ፈርሚላት።»

አዳነ «እኔንም ሙክታር አስገቡኝ። ከዚህ ክፍል ፈቃድ ያለው የእነሱ ቤተሰብ ብቻ ነው» አለ።

ተሳቀ። ከዚያ ከጥግ ለይላ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ተነሳች፤ በየአርቡ ስሟን ስትናገር ድምጿ የማይሰማ። «እኔም የሙክታር ይማም ነኝ» አለች። ሳቁ ቆመ። ተመልሳ ተቀመጠች።

ጋሼ፣ የእኔን የጻፍክ ዕለት አስታውሳለሁ። «የአባት ስም» ብለህ ራስህን ጠየቅህ። ቀና አልክ፤ ከመንገዱ ማዶ የሙክታርን ሱቅ ሰሌዳ አየህና ጻፍክ። እኔ ላይ ብቻ የሆነ መስሎኝ ነበር። የጸደንያንስ የጻፍከው አንተ ነህ? የለይላንስ?

ችግሬን በግልጽ ልጻፍልህ። ጸደንያ የሙክታር ልጅ አይደለችም ብዬ ስፈርም፣ ያው ሙክታር የእኔም አባት ተብሎ ተጽፏል። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል። እህቷ ነኝ ብል ውሸቱ ይጸናና ቀበሌው ፋይዛ የምትባል አላውቅም ይላል። ወዲህ ብል ወዲያ ብል አልሆነልኝም። ቤት ውስጥ እየዞርኩ ያነሳሁትን ዕቃ የት እንዳስቀመጥኩት እረሳለሁ።

መልስህን እጠብቃለሁ።

ውባለም

*

ኩታበር
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ አልደረሰኝም ብዬ ልተው አስቤ ነበር፤ ግን ልጄ አንብባዋለች።

ከዛሬ ጀምሮ በምትጽፊው ላይ ስሜን አታስገቢ፤ የሱቁንም ሰው ስም። ስልክ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አይታወቅም። እስካሁን የጻፍኩልሽንም ቅደጂው።

አንቺም እጅሽን ሰብስቢ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰላም ሠርተሽ በልተሻል። ላላሳደግሻት ልጅ ብለሽ ቤትሽን አታፍርሺ። ወረዳው በር ላይ ሰላሳ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩት ሰው ስለማላስቀይም ነው፣ አንቺም ስለዚሁ ነው እዚያ የቆየሽው።

መነጽሩ ይቅር።

*

ሪያድ
አርብ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

እንዳዘዝከኝ ስም አልጠራሁም። ደብዳቤህን ግን አልቀደድኩትም። ወረቀት መቅደድ አይሆንልኝም፤ ከተቀደደ ወረቀት ነው ፊደል ያየሁት።

ዘንድሮ ጾሙ ሁሉ አንድ ላይ ወድቋል፤ ሁዳዴም ሮመዳንም። አዳነ «አሁን የሚበላ ቢገኝ እንኳ በላተኛ የለም» ይላል። እኔ ላይ ግን ሁለት ሆኖብኛል። ሀጃ ቤት ቀኑን እንደ ሸምሲያ እጾማለሁ። መግሪብ ሲሆን ሳምቡሳው ሥጋ ነው፣ ሾርባው ሥጋ ነው፤ ሁዳዴ ስለሆነ ተምርና ውኃ ቀምሼ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። ሀጃ ለልጆቿ «ሸምሲያ ለአላህ ብላ ራሷን ትቀጣለች» ብላ ታወራልኛለች። የትኛውን ጾም ጾሜ የትኛውን እንዳፈረስኩ ራሴም አላውቅም።

ዛሬ ስብሰባው ሳይጀመር ኑርያን ሳህን ስታጥብ ብቻዋን አገኘኋት።

«ኑርያ፣ እናቴ የምትጠራኝ ሸምሲያ ብላ አይደለም» አልኳት።

እጇን ሳታቆም «ማን ብላ ነው?» አለች።

«ውባለም።»

ውኃውን ዘጋችው። «ስንት ዓመት ነው አብረሽኝ የሰገድሽው?»

«ዘጠኝ።»

«ግንባራችንን ስንደፋ ከሁላችንም በኋላ ነበር የምትነሺው። ኢማኗ የጠነከረ እያልኩ እቀናብሽ ነበር እኮ።»

«መቼ እንደሚነሱ እያደመጥኩ ነበር» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ። «አልተቀየምኩሽም» አለች። «ግን ዛሬ አታናግሪኝ።» ስብሰባው ተጀምሮ ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ፤ ምንም አላልኩም፣ ተቀመጥኩ። ጁነዲን ድምፄ የጠፋ መስሎት ውኃ ሊያቀብለኝ ካለ በኋላ ጾም መሆኑ ትዝ አለው።

ሐኪሙ ቀን ቆርጧል። ጸደንያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታሉን ትለቃለች። በክራንች ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ በሦስተኛው ታለቅሳለች። ትናንት «እትዬ ሸምሲያ፣ እናቴ ጸደንያ ያለችኝ የክርስትናዬ ዕለት ቄሱ አልሰማ ብሏት ሦስት ጊዜ ነው የተናገረችው። ስሜ ያን ያህል ያስቸገረ ነው» አለችኝ። እየቀለደች ነበር። እኔ ነጠላዋን አጠፍኩላት።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ለእኔ መልስ አትስጠኝ፤ ማን ጻፈው ብዬም አልጠይቅህም። እናቷ ጋ ሂድና ልጅሽ ወድቃለች በላት። ሥራ በዝቶባት አይደለም በላት። ይህን ብቻ።

ውባለም

*

ኩታበር
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለውባለም፣

ሰላም ላንቺና አብረውሽ ለሚሰበሰቡት ሁሉ፣ ለሚሰግደውም ለሚያማትበውም። መነጽሩ ደርሶኛል። ይህን በእሱ ነው የምጽፈው፣ በራሴ እጅ።

የካቲት መጨረሻ ላይ እናትየዋ ቤት ሄድኩ። ነገርኳት። ልጄ በሕይወት አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አለች አልኳት። ሌላ ነገር ሳትል ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች። «የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ። የምንሄድበትን እኔም አላሰብኩትም ነበር። እግሬ ወደ ሙክታር ሱቅ ወሰደኝ።

እሱም ጾም፣ እኛም ጾም፤ ሁላችንም ከንፈራችን ደርቋል። «ሙክታር፣ የሰረቅሁህ ነገር አለ» አልኩት።

«ሚዛኔን ነው?» አለኝ። ከሃያ ዓመት በፊት የጠፋ ሚዛን ነበረው። እስከ ዛሬ እኔን ይጠረጥር ነበር ለካ።

«ስምህን ነው።»

አስረዳሁት። ደላሎቹ የእስላም ስም ያላት ትፈለጋለች እያሉ ልጆቹን ወደ ጠረጴዛዬ ሲያመጧቸው ለመጀመሪያዋ፣ ላንቺ፣ አባት አጣሁ። ቀና ስል የታየኝ ሰሌዳው ነበር። ከዚያ በኋላ ላሉት ማሰብ ሰለቸኝ። ሥራዬ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ደስ ብሏቸው ነበር የሚሄዱት፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ዐሥራ አንድ።»

ሳሙና እየደረደረ ነበር፤ ተወው። «ዐሥራ አንድ ሴት ልጅ አድርሼ» አለ፣ «አንዷ እንኳ ለኢድ እንዴት ዋልክ አላለችኝም።» ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። «ተነሱ፣ ከዙህር በፊት እንድረስ» አለ።

ሊቀመንበሩ ሙክታርን «አባቷ ነህ?» አለው።

«አይደለሁም» አለ። «ግን የወደቀችው በእኔ ስም ነው። ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

«ወረቀቱን የጻፈው ማን ነው?» ሲል እኔ ነኝ አልኩ። እናትየዋ ጣቷን ስታሳርፍ «ፋይዛ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ሙክታርን ጠየቀችው። «ያሸነፈች ማለት ነው» አላት። «ምኑን?» አለችው። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አሳረፈ።

ጠረጴዛዬንና ማኅተሜን ወስደውብኛል፤ ለሰኞ ቅረብ ተብያለሁ። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከመንገዱ ማዶ ሙክታር ሱቅ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ወረዳውን ከዚህ ሲያዩት ሌላ ቦታ ይመስላል።

ዋናውን ወረቀት የሚያመጣልሽ ለሥራ የምትመጣ የሰፈራችን ልጅ ነች። በገዛ ስሟ ነው የምትመጣው፤ ጠይቄያታለሁ። ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ታገኛለሽ። ሁለተኛውን አልጠየቅሽኝም። ሙክታር ነው ካልሆነ ያለው፤ «ታላቋንስ?» ብሎ። መስጠቱንም መተዉንም አንቺ ታውቂያለሽ። ካላስፈለገሽ እባክሽ አትቅደጂው።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር የለኝም።

መንግሥቱ

*

ሪያድ
ቅዳሜ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ መንግሥቱ፣

አንተንም ጋሽ ሙክታርንም ፈጣሪ ባላችሁበት ያቁማችሁ። ፖስታው ትናንት በሰላም ገባ። የመጀመሪያው ወረቀት «ፋይዛ ሙክታር ይማም እና ጸደንያ ጌታሁን፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» ይላል። ሁለተኛው «ሸምሲያ ሙክታር ይማም እና ውባለም አሊጋዝ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» ይላል። በአንተ እጅ ነው የተጻፉት። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሸምሲያ የምትባለው አሮጊት ታጥባለች፣ ትሰግዳለች፣ ዐረብኛ ታወራለች፤ ውባለም የምታውቀውን ኩታበርን ሸምሲያ አይታው አታውቅም። አንድ ሰው ናቸው የሚል ማኅተም ግን ይኸው።

ትናንት ጀራዲያ ተራዬ ሲደርስ «ውባለም» አልኩ። አዳነ «ማን?» አለ። ኑርያ «ጆሮህን ክፈት፣ ውባለም አለችህ» አለችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእኔ ጉዳይ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ቀጥላ ለይላ ተነሳች። የተናገረችውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ግን በክፍሉ ሁሉ ተሰማ።

ጸደንያ ሰኞ ከሆስፒታል ትወጣለች። ቢሮው ነገ ይከፈታል። ሁለተኛውን ወረቀት ባስገባ ምን እንደሚገጥመኝ አዳነን ጠየቅሁት፤ «ወይ ምንም፣ ወይ ተርሂል» አለኝ። ጁነዲንን ጠየቅሁት፤ «ኢንሻአላህ» አለ። ሀጃን አልጠየቅኋትም። እንቅልፍ ከወሰደኝ እተኛለሁ፤ የቀረውን ነገ ጨርሼ እልክልሃለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 14።

ጠዋት ያደረግሁትን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ።

ሀጃ ሐኪም ጾም ስለከለከላት መድኃኒቷን በውኃ ሰጠኋት። ትራሷን አስተካከልኩ። የመድኃኒቶቿን ሰዓት በዐረብኛ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጁነዲን ከበሩ ራቅ ብሎ ጠበቀኝ። ኑርያ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ፈቃድ ሳይኖራት መጥታለች። «አንቺ ለምን መጣሽ?» አልኳት። «ሲጠሩሽ ልሰማ» አለች።

ቢሮው ሲከፈት አራት ሰዓት ሆነ። ሰውዬው የመጀመሪያውን ወረቀት አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ ሙሉ ነው አለ። የምስክርነቱን ቅጽ ሰጠኝ። ፈቃዴን ተቀብሎ አየ፤ ፋይሉን አየ፤ እንደገና ፈቃዴን አየ።

«እህትሽ ናት?» አለኝ።

«አይደለችም።»

«ሁለታችሁም ሙክታር ይማም ትላላችሁ።»

ሁለተኛውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አነበበው። በጣቱ ወደ እኔ መልሶ ገፋው። «እህቴ፣ ይህን አልጠየቅንሽም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህ ፋይል ከእኔ እጅ ይወጣል።»

«ይህ ከሌለ የእኔ ምስክርነት ያልፋል?»

«እኔ ጋ ያልፋል። እነሱ ጋ አላውቅም። የአባት ስም ያያሉ።»

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት። ቅጹ ላይ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ፤ የእኔን ከላይ፣ ሌላውን ከሥር። «ለ»ዋ ተበላሽታለች። ፈረምኩ። ተቀመጡ፣ ትጠራላችሁ አለን።

ከኑርያ ጋር ተቀመጥን። የሀገራችን ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ጉልበቱ ላይ ወረቀት ይዟል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰውዬው በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሸምሲያ ሙክታር» አለ። ዝም አልኩ። ኑርያ ወደ እኔ ዞረች፤ ግን አልነካችኝም። ደግሞ «ሸምሲያ ሙክታር» አለ። ዝም አልኩ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበና ከላይ ያለውን አነበበ።

«ውባለም አሊጋዝ።»

«አቤት» አልኩ።